የፈታሁት ቋጠሮ

ሌባዋን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ስሜ «ይቅር በይኝ» ብያታለሁ። እሷም ቀና አድርጋኝ «ይቅር ለእግዜር» አለች፤ ያውም እንደ ታላቅ እህት ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ሱቄ ደባርቅ ነው፤ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር። የምሸጠው የብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሻል፣ ካልሲና የልጆች ካፖርት ነው። በዚህ አገር ብርድ ሹራብ የሚሸጥ ሰው ይቸገራል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ስለ እኔም እንደዚያ እያሰቡ ይኖራሉ።

ከእናቴ የወረስኩት ግን ሹራቡን አይደለም። እናቴ ስኳርና ሳሙና ነበር የምትሸጠው። እኔ የወረስኩት መደቡን ነው። ከበሩ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ከጭቃ የተሠራ ረጅም መደብ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣ ገበያተኛ ጓዙን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። ከመካነ ብርሃን መንገድ በእግሩ የመጣው፣ ከሊማሊሞ ግርጌ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ የወጣው፣ የገዛውን ጨውና ሳሙና ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መዞር አይችልም። ጨርቁን ዘርግቶ ጓዙን ይቋጥርና «አደራ» ብሎ ጥሎልኝ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ማታ ተመልሶ ያነሣዋል። ቁጥር የለው፣ ወረቀት የለው፣ ኪራይ የለው። ለአደራ ዋጋ አይጠየቅም። ጓዙን እኔ ጋ ያስቀመጠ ሰው ግን ሹራብ ሲያስፈልገው ሌላ ሱቅ አይሄድም። እንጀራዬ እዚያ መደብ ላይ ነው የተቀመጠው ብል ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጓዝ የማን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል ያለ እንደሆነ፣ በቋጠሮው ነው። ሰው ሁሉ የራሱ አስተሳሰር አለው። አንዱ አራቱን ጫፍ በአንድ ላይ ሰብስቦ ያንቀዋል። ሌላው በጠፍር ይጠመጥመዋል። ከዳባት በኩል የሚመጡ አንዲት ባልቴት ቋጠሯቸው መሐል ሁልጊዜ አንድ የገብስ አገዳ ይሰካሉ። እናቴ በመጨረሻ ዓይኗ ደክሞ ሰው መለየት ካቃታት በኋላ እንኳ ቋጠሮውን በጣቷ ዳበስ አድርጋ ለየባለቤቱ ታስረክብ ነበር። እኔን ያስተማረችኝም በጣቴ ነው። መዳበስ ብቻ። መፍታት የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ መከልከል ያለበት ነገር መሆኑም ትዝ ያላት አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ሹራብ ይጠፋብኝ ጀመር። በየቅዳሜው አንድ። ያውም ተራው አይደለም፤ ከመደቡ በላይ የምሰቅለው፣ ወፍራሙ፣ አንገቱ ድረስ የሚቆለፈው። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ሸጬው ረስቼ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሲጠፋ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ሦስተኛው ሲጠፋ ደሜ ፈላና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

የተቀበለኝ ወጣት ፖሊስ ነው። ትሑት ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ክፉ ቃል ሊወጣኝ አልቻለም።

«ሌባው ይዞ ሲወጣ አይተውታል?» አለኝ።

«ባየውማ እዚህ ምን ያመጣኝ ነበር?»

«እንግዲህ እትዬ፣ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለበት። ዕቃው ገና ሱቅዎ ውስጥ እያለ ቢይዙት፣ ልገዛው ነበር፣ እያየሁት ነበር ይልዎታል። ይዞት ከደጃፍዎ ሲወጣ ያዙትና ወዲያው ይጥሩን። መያዝ መብትዎ ነው። መምታት ግን የለም። በር ቆልፎ ማስቀመጥ የለም። የሰው ዕቃ መበርበርም የለም፤ እሱ የእኛ ሥራ ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማሁት «ከደጃፍዎ ሲወጣ» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። ጥፋቴን ከወዲሁ ማመኔ ነው፤ ግን ደግሞ ልጠይቅ። ሹራቡ የእኔ፣ ሱቁ የእኔ፣ ግብር ከፋይዋ እኔ። ሌባው ደጃፌን እስኪሻገር ቆሜ እንድጠብቀው፣ ከተሻገረም በኋላ በጨዋነት እንድይዘው! ለሌባው እንዴት መያዝ እንዳለበት ይህን ያህል ሲታሰብለት፣ ለእኔ ያሰበልኝ ማን ነው?

በኅዳር ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ ነው። ጉም ነበር፤ እስከ ረፋዱ ድረስ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። ያቺ ሴትዮ በጠዋት መጣች። ከጃናሞራ በኩል ናት፤ ነጭ ሽንኩርት ይዛ ትመጣለች፤ በዕድሜ እኩዮች ብንሆን ነው። ለዓመታት ጓዟን እኔ ጋ ስታስቀምጥ ኖራለች። ቋጠሮዋ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ከየት እንደጀመረ አይታይም። እናቴ ያንን ቋጠሮ ትወደው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ «አንድ ነገር ልጨምርበት» ብላ ተመለሰች። ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ እኔ ለአንድ ሙሽራ ቤተሰብ ብርድ ልብስ እያወረድኩ ነው። መደቡ ላይ ጎንበስ ብላ ፈታች፣ አሰረች፣ «በይ ደኅና ዋዪ» ብላኝ ወጣች። ቀና ስል ከመደቡ በላይ ያለው መስቀያ ባዶውን ይወዛወዛል።

ሰዎቹ እስኪወጡ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። ሱቁ ጭር ሲል ቋጠሮዋን አንሥቼ ከባንኮኒው ኋላ ወሰድኩና ፈታሁት። ጨው፣ ሁለት ሳሙና፣ የክብሪት ፓኬት፣ ከላይ ደግሞ ሹራቤ። አረንጓዴው። አስተጣጠፏ ደግሞ! እጅጌውን ወደ ኋላ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እኔ ለሽያጭ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አላጥፍም። ምን በወጣኝ ነው የእሷን ጓዝ ስጠብቅ የምውለው እያልኩ ብቻዬን አወራሁ።

ያን ጊዜ ሹራቤን አንሥቼ ብሰቅለውና ዝም ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። እሷም ታውቀው ነበር፣ እኔም። ግን «ከደጃፍዎ ሲወጣ» ተብያለሁ። ሕግ ተነግሮኛል! ስለዚህ ሹራቡን መልሼ ከተትኩት፣ ጨርቁን ሰብስቤ አሰርኩት፣ መደቡ ላይ በቦታው አስቀመጥኩት። ከዚያ ለፖሊሱ ስልክ ደወልኩ። መፍታቴን አልነገርኩትም፤ «ሌባዋን አውቄያታለሁ፣ ዛሬ ይዛ ትወጣለች» ብቻ አልኩት። መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመና ካልሲ የሚመርጥ መሰለ። ያን ሁሉ ጊዜ ካልሲ የሚመርጥ ሰው ዓይቼ አላውቅም።

ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ መጣች። መደቡ ጋ ሌሎችም ጓዛቸውን ሊያነሡ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች፤ እጇ አየር ላይ ቆመ። ቋጠሮውን አየችው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ይኸ የኔ አይደለም» አለች።

«የማን ነው ታዲያ? ጠዋት ያመጣሽው ራስሽ!»

«ጨርቁስ የኔ ነው። ቋጠሮው የኔ አይደለም። እጅ ገብቶበታል።»

ጣቶቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንን ቋጠሮ ሲዳብሱ ኖረዋል፤ አስረውት ግን አያውቁም። እኔ ያሰርኩት እንደ ራሴ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ፣ ጫፉን ወደ ውጭ ጥዬ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ አገር ማን ይይዝበታል? እኛ አገር ግን ልጅ እንኳ ያየዋል።

መደቡ ጋ የነበረው ሰው ሁሉ ወደየራሱ ጓዝ ዞረ። አንድም ሰው እኔን አላየኝም፤ ሁሉም የየራሱን ቋጠሮ እያገላበጠ ይመረምራል። ባለ ገብስ አገዳዋ ባልቴት አገዳዋን ነቅለው አይተው መልሰው ሰኩት። የዚያን ምርመራ ያህል የሰደበኝ ነገር የለም።

«ሹራቤ ውስጡ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«ውስጡ ያለውን በምን አወቅሽ?» አለች።

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ፖሊሱ የያዘውን ካልሲ አስቀመጠና ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ፈትተውታል?»

«ፈትቼዋለሁ! ሹራቤን ሰርቃ ከትታበት ምን ላድርግ?»

አንገቱን አከከ። «እንግዲህ… ዕቃው ከሱቅዎ አልወጣም። እሷ አላነሣችውም። እጅ የገባበት ደግሞ የእርስዎ ነው። ራስዎ ነዎት የከተቱት የሚል ሰው ቢነሣ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ለእውነቱ እሷ እንዲህ አላለችም። በሐሰት ልትከሰኝ ስትችል አልከሰሰችኝም፤ ይህንንም ስለማውቅ ይብስ ያንገበግበኛል። ቋጠሮውን ፈታች፤ ሹራቡን በሁለት ጣቷ አንሥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው፤ ጨውና ሳሙናዋን እንደገና ሦስት ጊዜ አዙራ አሰረችና ወጣች። እኔ ሌባ እጅ ከፍንጅ ልይዝ ቆሜ፣ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩት እኔ ሆንኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ቄሱ እናቴን ያናዘዙ፣ እኔንም ያጠመቁ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዳር ዳሩን ዞረው ዞረው ሲያበቁ እርሳቸው ገቡበት።

«ልጄ፣ ስለ አደራው ነው የመጣነው» አሉኝ።

«አባታችን፣ እኔ ነኝ እኮ የተሰረቅሁት! ለምን እሷ ጋ አልሄዳችሁም?»

«ሰርቃ ከሆነ ሕግ አለላት፤ ንስሐም አለላት። ሌባን የሚጠይቅ መንግሥትም እግዚአብሔርም አለ። አደራሽን የሚጠይቅሽ ግን ማንም የለም። አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይጠይቃት ኖራ ነው እናትሽ ያረፈችው። ስለዚህ ነው እኛ የመጣነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ቋጠሮዋን በፈታሽበት ቦታ፣ ሰው ባየበት፣ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ።»

ሳቅኩኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ በቄስ ፊት መናገር የማይገባኝን ተናገርኩ፤ እርሳቸውም እንዳልሰሙ ሆኑ። በመጨረሻ እሺ ያልኩት አምኜበት አይደለም። መደቡን ፈርቼ ነው። ይቅርታ ካልጠየቅኩ ቅዳሜ ማንም ጓዙን እንደማያስቀምጥልኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በተከታዩ ቅዳሜ፣ ወሬዬን ስጀምር ያልኩትን ሁሉ አደረግኩ፤ ጎንበስ አልኩ፣ ሳምኩ፣ ይቅር ተባልኩ።

መደቡ ግን ባዶ ሆነ። ይቅርታውን ሁሉም አየ፤ «እሰይ፣ ሰላም አውርዱ» አለ፤ ከዚያ ጓዙን ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረና ማዶ ካለው ሱቅ አስቀመጠ። ማዶ ያለው ወጣት ጣሪያው ላይ ካሜራ ሰቅሏል፤ መብራት ሲኖር ይሠራል። ቋጠሮዬን የነካ እጅ ብሎ የሸሸኝ ሰው ሁሉ ካሜራ ሥር ተቀምጦ አፍንጫውን ሲነካካ ይቀረጻል፤ ለዚያ ምንም አይለውም!

ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት፣ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ወንድሜ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ሕግ ያውቃል። ፖሊሱ ያለኝን ያንኑ፣ ዝርዝር ጨምሮበት ነገረኝ። እያየሁ የሰረቀኝን መያዝ እችላለሁ። ወዲያው ማስረከብ አለብኝ። መፈተሽ አልችልም። መቅጣትም አልችልም።

«ታዲያ የእኔ መብት ምንድን ነው? ቆሞ ማየት?» አልኩት።

«ደኅና አድርገሽ ማየት» አለኝና ሳቀ። ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ።

ጎንደር ለዕቃ በወረድኩ ጊዜ ደግሞ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገባሁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ቁጥር ያለው ፕላስቲክ ሰጠኝ። ስወጣ ደግሞ የገዛሁትን ፌስታል ከፍቶ እየበረበረ ከደረሰኙ ጋር አስተያየ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ፣ ለባብሶ የመጣው ትልቅ ሰው ሳይቀር፣ ከፍቶ ያሳያል፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። እዚያው ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እነዚህ ሲሆኑ አሠራር፣ እኔ ስሆን ነውር! ሽማግሌ የሚላከው ለእኔ ብቻ ነው? ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለ ነጋዴ በአንድ ሕግ የሚተዳደር መስሎኝ ነበር። መመለሻዬ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ገብቶኝም አልበረደልኝም። ለዚያ ጥበቃ «አደራ» ያለው ሰው የለም። ቁጥር ነው የሰጠኝ፤ እኔም ቁጥሩን መለስኩለት፣ ተለያየን።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ባዶ መደቤን እያየሁ ተቀምጬ ሳለ፣ ያቺው ሴትዮ ገባች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም። ጨርቋን መደቡ ላይ ዘረጋች። ጨው፣ ሳሙና፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት አንድ በአንድ ደረደረችበት። አላሰረችውም። ከማዶ፣ ካሜራው ሥር ጓዛቸውን ሊያስቀምጡ የተሰበሰቡት ሁሉ ቆመው ያዩናል።

«ያን ሹራብ ወስጄው ነበር» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የፊተኞቹንም።»

«ታዲያ ውጪና ንገሪያቸው! አሁኑኑ! ስሜን አጥፍተሽ ስታበቂ እዚህ መጥተሽ በጆሮዬ…»

«ብነግራቸው ምን ይላሉ? ‹ፈትታ ነው ያገኘችው› ነው የሚሉ። ሰርቃ ነው ቢባል እኔን ይጠሉኛል እንጂ አንቺን ያምኑሻል?»

ሌባ ናት፤ ያለችው ደግሞ ልክ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያስጠላ የደረሰበት ያውቀዋል።

«ነይ፣ ቅረቢ» አለችኝ። የጨርቁን ጫፎች ሰበሰበችና፣ ጣቶቼ እንዲያዩት ይመስል በዝግታ፣ አንዴ አዞረች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጫፉን በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ ፈታችውና እንደገና አሰረችው። «አየሽ? ከግራ ነው የሚጀምር። ሁለተኛ ስትፈቺ እንዲህ አርገሽ መልሺው።»

ፊቷ ላይ ቀልድ ፈለግሁ፤ አልነበረም። «አደራ» አለችና ወጣች።

ያን ቀን ከመደቡ አልተነሣሁም። ምሳም አልበላሁ፣ ደጅም አልወጣሁ። እዚያ ቋጠሮ ውስጥ የእኔ ዕቃ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ መስቀያዎቼን ቀና ብዬ ማየትም እልህ ያዘኝ። እጄን በላኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ጨርቁ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አሁን እንዴት እንደሚታሰር አውቃለሁ፤ ፈትቼ ባስረው ማንም፣ እሷም ራሷ፣ አታውቅብኝም ነበር። እግዜር ያየኛል፣ አልፈታሁትም።

ወደ ማታ መጣች። ከማዶ ያሉት እንደገና ቆመው ያያሉ። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ዞር አድርጋ ከታቹም አየችው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ፣ የገበያ ድምፅ አውጥታ፣ «የኔው ነው! እግዜር ይስጥልኝ!» አለችና ተሸክማ ወጣች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ባለ ገብስ አገዳዋ ባልቴት መጡ። ቀጥሎ አንድ ባልና ሚስት መጡ። እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ መደቡ ሞላ። ሕጉ ሹራቤን አላስመለሰልኝም፤ ሽማግሌዎቹ ስሜን አልመለሱልኝም። የመለሰችልኝ ሌባዋ ናት። ይህንንስ የት ሄጄ ልክሰስ?